ሰፈሩ መልሶ ሲለማ ነዋሪው ከምን ጀምሮ ይሳተፍ?

ጥያቄው የደረሰን በአዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ቤቱ የቀበሌ ከሆነ አንድ ነባር ሰፈር ሲሆን፣ የላኩትም የአካባቢው እድር ሰብሳቢ ናቸው። ወረዳው ነዋሪውን አዳራሽ ጠርቶ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት መታሰቡን እንደነገራቸው፣ አስተያየት ስጡ ተብለው ጥቂት ሰዎች እንደተናገሩና ሁሉም በስም መመዝገቢያው ላይ ፈርመው እንደወጡ ገልጸዋል። ከዚያም፣ «ሕዝቡ ተወያይቶበታል ተብሎ ተጻፈ፤ እኛ ግን በምን ላይ እንደተወያየን እንኳ በቅጡ አናውቅም። እድራችን ነዋሪውን ወክሎ መነጋገር ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነስ ምን ብሎ ይጠይቅ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣ እድሩ መነጋገር ይችላል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ወደ ወረዳው ተመልሶ ከመሄዱ በፊት ሰፈሩን በራሱ እጅ ቆጥሮ መመዝገብ አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ። በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ስቆይ የነዋሪውን ዕድል ሲወስን ያየሁት በአዳራሽ ከሚነገረው ይልቅ የተነሺዎች ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ምትክ ቤት ወይም ካሳ ለመጠየቅ መነሻ ይኖረዋል። ስሙ ያልሰፈረው ግን በዚያ ግቢ ተወልዶ ያደገ ቢሆን እንኳ መኖሩን የማስረዳት ሸክም በራሱ ላይ ይወድቃል፤ ያውም ማስረጃ ሊሆነው የሚችለው ግቢ ሊፈርስ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው፣ ምስክር የሚሆኑት ጎረቤቶቹም ለመበተን ሲዘጋጁ ነው።

ችግሩ ከቤቶቹ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌዎች እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሚከፈልባቸው ደግሞ የመንግሥት ቤቶችን ወደሚያከራየው ተቋም፣ ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ሄዱ። ኪራዩ በዚያው ዝቅተኛ መጠን ረግቶ ለብዙ ዓመታት ሲቆይ ቀበሌው ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አላገኘም፤ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት በራሱ ወጪ እንዲያድስ የሚያደፋፍረው ዋስትና አልነበረውም። ቤቶቹ በዚህ መካከል አረጁ፤ ቤተሰቡ ግን በዛ። ያገባ ልጅ ከወላጆቹ ጋር አንዱን ክፍል በመጋረጃ ከፍሎ ይኖራል፤ በጓሮ በኩል በጭቃና በቆርቆሮ የተቀጠለችው ክፍል ለተከራይ ትሰጣለች፤ ከገጠር የመጣ ዘመድም በደባልነት ይገባል። በመዝገቡ ላይ ግን ለዚህ ሁሉ ሰው ያለው አንድ የቤት ቁጥርና አንድ የተከራይ ስም ነው፤ የተመዘገበው ሰው ከሞተ ዓመታት ያለፉበት ቤትም ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ቆጠራውን እንዲህ ብታደርጉት ይበጃል። ሁለት ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ መጻፍ የሚቀናው የሰፈሩ ወጣት፣ ሌላዋ ግቢዎቹን ሁሉ የምታውቅና ሰው የማያፍራት እናት ቢሆኑ ይመረጣል። ከበር በር እየሄዱ የቤቱን ቁጥር፣ ይዞታው የቀበሌ፣ የኪራይ ቤቶች፣ ካርታ ያለው የግል ወይም ሰነድ አልባ መሆኑን፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው በማን ስም እንዳለ፣ አንዱን ሽንት ቤት ስንት ሰው እንደሚጋራው ይጻፉ። «በግቢው ስንት ቤተሰብ ይኖራል?» ብለው ከሚጠይቁ ይልቅ «ለየብቻ የሚያበስለው ስንት ነው?» ቢሉ ትክክለኛው መልስ ይገኛል፤ ደባሉ ራሱን የቻለ ቤተሰብ መሆኑን አፍ አውጥቶ ለመናገር ቤቱን የያዘውን ሰው ይፈራልና። ቀጥሎ ከቤት ሳይወጡ የሚሠራውን ሥራ ይመዝግቡ፤ እንጀራ ጋግሮ ለሱቅ ማቅረብ፣ ጠላ፣ ልብስ ስፌት፣ ከበር ላይ የሚዘረጋ ጉሊት፣ እነዚህ ሁሉ መተዳደሪያ ናቸው፤ በተለመደው ቅጽ ላይ ግን ባለቤታቸው «ሥራ የላትም» ተብላ ልትታለፍ ትችላለች። ልጆቹ የት እንደሚማሩ፣ ደረጃ መውጣት የማይችል ሽማግሌ ወይም አካል ጉዳተኛ በቤቱ መኖሩም ይጻፍ። የተጻፈው ለቤተሰቡ ተነቦ ይፈረምበት፤ በሩም ቁጥሩ እየታየ ፎቶ ይነሣ። አንዱ ቅጂ በመሸኛ ደብዳቤ ለወረዳው ገቢ ተደርጎ የገቢ ማኅተም ይመታበት፤ ሌላው በእድሩ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ከሰፈሩ ውጭ ይቀመጥ።

ይህ ከድሃ ሰፈሮች ልምድ የተገኘ ዘዴ ነው። በሕንድ፣ ያኔ ቦምቤይ ትባል በነበረችው ሙምባይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በእግረኛ መንገድ ዳር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩትን ሰዎች ማንሳት እንደሚችል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወስን፣ ስፓርክ የተባለው ድርጅት ከነዋሪዎቹ ጋር ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን መዘገበ። በመንግሥት ዘንድ አላፊ አግዳሚ ይባሉ የነበሩት ሰዎች ለዓመታት በዚያው የኖሩ፣ በዚያውም ሠርተው የሚያድሩ መሆናቸው በጽሑፍ ታወቀ። ከቆጠራው የተነሣው ማሂላ ሚላን የተባለው የሴቶች ስብስብም በኋላ ሰዎቹ ስለሚዛወሩበት ቦታና ስለ ቤቶቹ አሠራር ከባለሥልጣናት ጋር ፊት ለፊት እስከ መነጋገር ደረሰ።

አሁን ወደ ስብሰባው እንምጣ። የፈረማችሁበት ወረቀት ምን እንደነበረ መጠየቅ አለባችሁ፤ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ የስም መመዝገቢያው ገና ውይይቱ ሳይጀመር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ቃለ ጉባኤው ደግሞ ሰው ከተበተነ በኋላ ቢሮ ውስጥ ይጻፋል፤ በመጨረሻም ሁለቱ በአንድ ስቴፕለር ተያይዘው «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» የሚል ሰነድ ይሆናሉ። የወረዳው ሠራተኛ ክፉ ሐሳብ ኖሮት ላይሆን ይችላል፤ ሪፖርት በቀኑ አድርስ ተብሎ ይሆናል፤ በነዋሪው ላይ የሚደርሰው ግን አይለወጥም። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ከየገጹ ራስጌ «በስብሰባው የተገኙ ሰዎች ስም» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ቃለ ጉባኤው እዚያው ተነቦ እንዲጸድቅ፣ የተቃውሞ ሐሳቦችም ከነተናጋሪው ቁጥር እንዲሰፍሩ፣ ቅጂው ለእድሩ እንዲሰጥ በትሕትና ጠይቁ። ካልተሰጣችሁ የራሳችሁን ቃለ ጉባኤ በዚያው ቀን ጽፋችሁ ገቢ አድርጉ።

ለዚህ ሁሉ የሕግ መሠረት አላችሁ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ማካካሻ፣ በመንግሥት በቂ ድጋፍ ወደ ሌላ አካባቢ መዛወርን ጨምሮ፣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህ ሁለተኛው አንቀጽ ባለ ካርታውን ከደባሉ ለይቶ እንደማይናገር ልብ ይበሉ። ከዚያ ወርዶ ያለው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ከመለቀቁ በፊት ባለይዞታዎችን ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት አስቀድሞ ማወያየት ግዴታ አድርጓል፤ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎችም በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ፈቅዷል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ማሻሻያ ስለተደረገበት ዛሬ የሚሠራበትን ጽሑፍ ከነማሻሻያው አግኝታችሁ ከሕግ ባለሙያ ጋር አንብቡት። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን በዚህ አገላለጽ «ባለይዞታ» አይባልም፤ በአዲስ አበባ አሠራር ሲሰጠው የቆየው ምርጫ ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም በሌላ የቀበሌ ቤት መከራየት ነው። በአንድ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሰዎች መብታቸው ይህን ያህል የሚለያይ ስለሆነ፣ እድሩ «ነዋሪው» እያለ በአንድ ቃል ከመናገር ይጠንቀቅ።

ምን እንጠይቅ ላላችሁት፣ እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው በአንድነት መዛወርን ነው። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬን የመሳሰሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ከመሀል ከተማ የራቁ ናቸው፤ ርቀቱ ብቻውን ይጎዳል፣ ከርቀቱ ይበልጥ የሚጎዳው ግን መበታተኑ ነው። ድሃ ሰው በከተማ ውስጥ የሚኖረው በብር ብቻ አይደለም። ልጇን ለጎረቤት ትታ ወደ ገበያ የምትሄድ እናት፣ ደመወዝ እስኪደርስ ከሱቅ በዱቤ የሚወስድ አባወራ፣ ታሞ ሲተኛ ውኃ የሚቀዳለት ሽማግሌ፣ እነዚህ ሁሉ የሚተማመኑት በሚያውቃቸው ሰው ላይ ነው። ዕጣ በግለሰብ ሲወጣ ግን የአንድ መንደር ሰው በተለያየ ሳይት፣ በአንድ ሳይት ውስጥም በተለያየ ብሎክ ይወድቃል፤ ለዓመታት የተዋጣበት እድርም ድንኳኑንና ወንበሩን ለማን እንደሚያስረክብ ግራ ይገባዋል። እንግዲህ ዕጣው በቡድን እንዲወጣ፣ ማለትም ጎረቤታሞች አብረው ተመዝግበው አንድ ብሎክ ወይም ተከታታይ ወለሎች እንዲደርሷቸው መጠየቅ ይቻላል። ለአስተዳደሩ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ለነዋሪው ግን ከብዙ የካሳ ብር ይበልጣል።

ሁለተኛው የመክፈል አቅም ነው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የ20/80 አሠራር ገዢው የዋጋውን 20 በመቶ ቆጥቦ ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር ይከፍላል። ለቀበሌ ቤት ጥቂት ብር ኪራይ ይከፍል ለነበረ ቤተሰብ ቅድሚያ ክፍያው ራሱ ትልቅ ተራራ ነው፤ ቢወጣውም ወርኃዊው ክፍያ ይከተለዋል። ዕጣ ደርሷቸው ቤቱን ለሌላ አከራይተው ራሳቸው ወደ ሌላ ጠባብ ቤት የገቡ ብዙ ናቸው፤ ይህን የሚያደርጉት ቤቱን ጠልተው አይደለም። እናንተ በቆጠራችሁ ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከምግብና ከትምህርት ተርፎት በወር ስንት ሊከፍል እንደሚችል በስምምነት መዝግቡ፤ ከዚያ «ግማሹ ሰው መግዛት አይችልም፣ ስለዚህ ከሚሠራው ሕንፃ ይህን ያህሉ በኪራይ ይሰጠን» ብላችሁ በቁጥር መከራከር ትችላላችሁ። በቁጥር የቀረበ ጥያቄ በስሜት ከቀረበው ይልቅ ጆሮ ያገኛል።

ሦስተኛው መተዳደሪያ ነው። እንጀራ ጋግራ የምታቀርብ ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ ብትወጣ ሊጥ የተሞላ ባልዲ ይዛ ደረጃ መውጣቷ፣ የምጣዱ ጭስና የመብራቱ ኃይል፣ ደንበኛዋም እሷን ፍለጋ አለመምጣቱ ተደማምሮ ሥራዋን ያስተዋታል። በአንዳንድ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለማጠብ፣ ለማረድና ለመጋገር የሚያገለግሉ የጋራ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ይህ ሐሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን የት እንደሚቀመጡና ቁልፋቸው በማን እጅ እንደሚሆን ከተጠቃሚዎቹ ጋር ካልተመከረበት የጥበቃ ማደሪያ ወይም ዕቃ ቤት ሆነው ይቀራሉ። በምድር ወለል ያሉ የንግድ ክፍሎች በጨረታ ለሌላ ከመሰጠታቸው በፊት የተወሰኑት ለሰፈሩ ጉሊተኞችና ባለ ሱቆች በማኅበር እንዲሰጡ መጠየቅም ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እድሩ ራሱ አንድ ነገር ልበል። እድር በሰፈሩ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የታመነ ተቋም ነው፤ ገንዘብ ይዞ ለዓመታት ሳይበላ የቆየ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ ሰው ሲጠራ የሚመጣለት ማኅበር ሌላ የለም። ይሁንና እድር ሁሉንም አይይዝም። መዋጮ መክፈል ያቃተው፣ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ተከራይ፣ ወጣቱና የቤት ሠራተኛዋ ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። በብዙ ሰፈርም ሴቶች የራሳቸው እድር አላቸው፤ የወንዶቹ እድር ደግሞ የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ባላቸው አባወራዎች ነው። ጥቅማቸውም አንድ አይደለም፤ ባለ ካርታው ከፍ ያለ ካሳ ካገኘ መሄድን ሊመርጥ ይችላል፣ የቀበሌ ተከራይዋ ግን እዚያው መቅረትን ትፈልጋለች። ይህን ልዩነት መሸፋፈን ኋላ ላይ ኮሚቴውን ያፈርሰዋል። ስለዚህ እድሩ ጠሪና አስተባባሪ ይሁን፤ የሚነጋገረው ኮሚቴ ግን ከባለ ካርታ፣ ከቀበሌ ተከራይ፣ ከደባል፣ ከግለሰብ ተከራይ፣ ከሴቶች እድርና ከነጋዴው ለየብቻ ተመርጦ ይቋቋም። የኮሚቴ አባል በድርድሩ መካከል ለራሱ የተለየ ነገር እንዳይቀበል በጽሑፍ ቃል ይግባ፤ ይህን የምለው ማንንም ለመጠራጠር አይደለም፤ ለወሬ በር ለመዝጋት ነው።

ነዋሪው ሳይነሣ ሰፈር ሊሻሻል እንደሚችል እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ታይቷል። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በመሩት የተቀናጀ የከተማ ልማት ሥራ፣ በመሀል ከተማ በሚገኙ ቀበሌዎች ነዋሪዎች በኮሚቴ ተደራጅተው ያረጁ ቤቶች ታድሰዋል፤ የጋራ ማድ ቤቶች፣ መጸዳጃዎች፣ የእግር መንገዶችና የውኃ መውረጃዎችም ተሠርተዋል። ሥራው ቀስ ያለ ነበር፤ ከፍ ያለ ሕንፃም አላመጣም፤ ነገር ግን ሰውን አልበተነም።

መሬቱ ውድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ግንባታ አይፈቀድም የሚል መልስ ከሰጧችሁ፣ የባንኮክን መንገድ ጥቀሱላቸው። በዚያ ከተማ በድሃ ሰፈርና በመሬት ባለቤት መካከል ለሚነሣው ግጭት ሲሠራበት የቆየው አንዱ መፍትሔ መሬቱን መካፈል ነው፤ ባለቤቱ ከዋናው መንገድ ዳር ያለውን ዋጋ ያለውን ክፍል ለንግድ ይወስዳል፣ ነዋሪዎቹ ደግሞ በቀረው ላይ ጠበቅ ብለው አዲስ ቤት ይሠራሉ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረችው ባን ማንኮንግ በተባለው ፕሮግራም ደግሞ መንግሥት ለመሠረተ ልማት የሚሆን ድጎማና በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጥ ብድር በቀጥታ ለተደራጀው ሰፈር ያቀርባል፤ ሰፈሩ አስቀድሞ ይቆጥባል፣ ብድሩን በቡድን ይወስዳል፣ ፕላኑንም ከአርክቴክት ጋር ተቀምጦ ያወጣል። በእኛ አገር መሬቱ የመንግሥት ስለሆነና ለአልሚ የሚሰጠው በሊዝ ስለሆነ፣ ከመንገድ ዳሩ መሬት የሚገኘውን የሊዝ ገቢ ከኋላ ለሚሠራው የነዋሪው ቤት ማዋል ከባንኮክ ይልቅ ይቀላል ብዬ አስባለሁ።

በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ ባይከር የሚባለው ሰፈር ሌላ ትምህርት ይዟል። አርክቴክት ራልፍ ኧርስኪን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሰፈሩን መልሶ ሲሠራ ቢሮውን በዚያው ሰፈር ውስጥ፣ የቀብር አስፈጻሚ ሱቅ በነበረ ቤት ከፈተ፤ ነዋሪውም እየገባ ከንድፉ ላይ ይነጋገር ነበር። ሕንፃዎቹ እስከ ዛሬ ይደነቃሉ። ነገር ግን ግንባታው ዓመታት ሲወስድና ማፍረሱ ሲቀድም፣ ከነባሩ 17,000 ያህል ሕዝብ ውስጥ በአዲሱ ሰፈር የቀረው ከ20 በመቶ በታች ሆነ። ስለዚህ የቅደም ተከተሉን ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ በሰፈሩ ውስጥ ወይም በአጠገቡ ባለ ክፍት ቦታ ላይ መጀመሪያ አንድ ብሎክ ይሠራ፣ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ወደዚያ ይዛወር፣ የለቀቀው ቦታ ፈርሶ ቀጣዩ ብሎክ ይሠራበት። ሎንደን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የከተማዋ አስተዳደር ገንዘብ የሚሰጥባቸውና የማኅበራዊ መኖሪያ ቤቶች፣ ማለትም በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጡ ቤቶች፣ የሚፈርሱባቸው ትልልቅ ፕሮጀክቶች በነዋሪው ድምፅ እንዲወሰኑ አድርጋለች። ከምርጫው በፊት አከራዩ ምን እንደሚሠራና ለማን ምን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት ጀምሮ ያሉ የማኅበራዊ ቤት ተከራዮች ድምፅ ይሰጣሉ፤ በሰፈሩ እየኖሩ ቤት ለማግኘት ተመዝግበው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተራ የጠበቁ ሰዎችም ይመርጣሉ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ግዴታ ባይኖርም፣ ኮሚቴያችሁ የደረሰበትን ስምምነት ለሰፈሩ ሰው አቅርቦ በምስጢር ድምፅ ከማጽደቅ የሚያግደው የለም።

ፕላኑ አስቀድሞ ጸድቋል ከተባላችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። የትኛው ፕላን እንደጸደቀ ጠይቁ። መዋቅራዊ ፕላኑ ስለ ከተማው አጠቃላይ አቅጣጫና የመሬት አጠቃቀም የሚናገር ነው፤ የመንገዱን ስፋት፣ የብሎኩን አቀማመጥና የሕንፃውን አጠቃቀም በዝርዝር የሚያስቀምጠው የአካባቢ ልማት ፕላኑ ነው፤ ብዙ ጊዜም «አለቀ» የሚባለው የመጀመሪያው ብቻ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም ጸድቀው ቢሆን እንኳ የመነሻው ጊዜ፣ የዕጣው አወጣጥ፣ በኪራይ የሚሰጡት ቤቶች ድርሻ፣ የንግድ ክፍሎቹ አሰጣጥና የተማሪዎች ዝውውር ገና በአስፈጻሚው እጅ ያሉ ጉዳዮች ናቸው፤ ልጆች በትምህርት ዘመን አጋማሽ እንዳይነሡ መጠየቅ ብቻውን ብዙ ቤተሰብ ይታደጋል። በስሙ የማንሻ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ግን የኮሚቴውን ድርድር እየጠበቀ አይቀመጥ፤ ደብዳቤውን የተቀበለበትን ቀን በፊርማው አጠገብ ይጻፍ፣ ቅሬታውን ለቅሬታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ያስገባ፣ ውሳኔው ካላረካውም ወደ ይግባኝ ሰሚው ይሂድ። ጊዜ ገደቡ አጭር ነው፤ መቁጠር የሚጀምረውም ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ነው።